ሐሳብ አደራጅ ፕሮግራምና የማይደራጀው ጸሐፊ

ለጸሐፊዎች ሐሳብ ማፍለቂያና ማደራጃ የሚሆን የኮምፒውተር ፕሮግራም መንደፍ ከሌሎች የሶፍትዌር ሥራዎች ሁሉ ተለይቶ የሚያስቸግረው፣ ደንበኛው ምን እንደሚፈልግ የሚያውቀው ሥራውን ከጨረሰ በኋላ በመሆኑ ነው። የሒሳብ መዝገብ ፕሮግራም የሚሠራ ባለሙያ የሒሳብ ሠራተኛውን ቢጠይቅ፣ ገቢው በየትኛው ዓምድ፣ ወጪው በየትኛው ዓምድ እንደሚሰፍር ሳያመነታ ይነግረዋል፤ ጠዋት ገቢ ተብሎ የተመዘገበውም ከሰዓት በኋላ ወጪ ሆኖ አይገኝም፤ ቢገኝም ጉዳዩ የኦዲተር እንጂ የፕሮግራመር አይደለም። ጸሐፊው ግን ሰኞ ዕለት የመጽሐፌ መግቢያ ይህ ነው ብሎ የማለለትን ሐሳብ ረቡዕ ወደ ግርጌ ማስታወሻ ያወርደዋል፣ ዓርብ ይሰርዘዋል፣ በሚቀጥለው ሳምንት ደግሞ ከተጣለበት አንሥቶ የመጽሐፉ ርዕስ ያደርገዋል፤ ለዚህ ሁሉ ምን ዓይነት መሣሪያ ቢቀርብለት እንደሚረዳው ሲጠየቅም፣ ጥቂት አሰብ አድርጎ፣ ከሁሉ በፊት ጥሩ ወንበር ቢያገኝ እንደማይጠላ ይመልሳል።

እንዲህ ያለው ፕሮግራም በየመሥሪያ ቤቱ ከሚታወቀው የጽሑፍ ማቀናበሪያ የተለየ ነው። የጽሑፍ ማቀናበሪያ የተባለው ዓረፍተ ነገር ሆኖ የመጣለትን ተቀብሎ፣ ኅዳጉን አስተካክሎ፣ ገጹን ቆጥሮ የሚያትም ሲሆን፣ ሐሳብ አደራጅ የሚባለው ግን ሐሳቡ ገና ዓረፍተ ነገር ሳይሆን፣ አንዳንዴም ገና ሐሳብ እንኳ ሳይሆን፣ ጣልቃ የሚገባ ነው። መሣሪያዎቹም ጥቂት ናቸው፦ ዋናና ንዑስ ነጥቦችን በየደረጃቸው የሚደረድረው ቢጋር፣ አንድ ማስታወሻ ብቻ የሚይዘው ካርድ፣ ከአንዱ ማስታወሻ ወደ ሌላው በአንድ ንክኪ የሚያሻግረው ሊንክ፣ እንዲሁም ታግ የሚባለው፣ በማስታወሻው ላይ የሚለጠፍ መለያ ቃል። ባለፉት ስድሳ ዓመታት የወጡት ፕሮግራሞች ሁሉ እነዚህኑ አራቱን እያፈራረቁና እያዳቀሉ የቀረቡ ናቸው ቢባል እምብዛም ማጋነን አይሆንም።

ከኮምፒውተር በፊት ሥራው የወረቀትና የመሳቢያ ነበር፤ በዚህ ረገድ ዛሬ ስሙ በየንድፍ ባለሙያው አፍ የሚጠራው ጀርመናዊው የሥነ ማኅበረሰብ ሊቅ ኒክላስ ሉማን ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 ያረፈው ይህ የቢለፌልድ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር በእንጨት መሳቢያዎች ውስጥ 90,000 ያህል ትናንሽ ካርዶችን ትቶ አልፏል። ካርዶቹን በርዕሰ ጉዳይ አልከፋፈላቸውም፤ ይልቁንም እያንዳንዱ ቁጥር ይሰጠውና፣ በኋላ የመጣ ሐሳብ 21/3 የሚል ቁጥር ካለው ካርድ ጋር የሚዛመድ ከሆነ 21/3ሀ እንደማለት ያለ ቁጥር ተቀብሎ ከጀርባው ይገባል፤ ከዚያ የሚወለደውም እንዲሁ ከእርሱ ጀርባ እየገባ መስመሩ ይረዝማል። ስለዚህ አንድ ካርድ የሚገኘው በሚመለከተው የትምህርት ዘርፍ ስም ሥር ሳይሆን፣ አስቀድሞ ካስታወሰው ሌላ ካርድ አጠገብ ነው፤ በዚህ ጉርብትና ውስጥ ባለቤቱ ራሱ የረሳው ዝምድና እየተገለጠ ይመጣል። ሉማን እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተመው አንድ መጣጥፍ ሣጥኑን እንደ መወያያ ባልንጀራ ቆጥሮ ገልጾታል።

ይህን የሰሙ ሰዎች ሣጥኑን ለማየት ወደ ቤቱ ይመጡ እንደነበርና፣ ሁሉን አይተው ሲያበቁ ቅር ተሰኝተው ይመለሱ እንደነበር እርሱው በአንዱ ካርድ ላይ መዝግቦታል፤ ቅሬታቸውን ለመግለጽ የተጠቀመበት ንጽጽር ግን ለቤተሰብ ጋዜጣ የሚሆን አይደለም። እንግዶቹ ያጡት በሣጥኑ ውስጥ ያልነበረውን ነገር ነው፤ ይኸውም ከሦስት ዐሥርት ዓመታት በላይ ሳያቋርጡ ማንበብና መጻፍ። የዛሬዎቹ ፕሮግራሞች ሣጥኑን በሚገባ ቀድተውታል፤ እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣውን ኦብሲዲያንን የመሳሰሉት ደግሞ አንድ እርምጃ ጨምረው፣ እያንዳንዱን ማስታወሻ በነጥብ፣ እያንዳንዱን ሊንክ በመስመር ወክለው የባለቤቱን ሐሳብ ሁሉ በአንድ ሥዕል ያሳያሉ። ሥዕሉ ያምራል፤ ጸሐፊው ለወዳጆቹ በስልኩ ያሳያል፤ ወዳጆቹም ያደንቃሉ፤ ስለ ምን እየጻፈ እንደሆነ የጠየቀ ደፋር ቢገኝ ግን ጸሐፊው ሥዕሉን አጉልቶ እንደገና ያሳየዋል።

መሳቢያውን ወደ መኪና የመለወጡ ምኞት የጀመረው ኮምፒውተር ገና የክፍል ስፋት በነበረበት ዘመን ነው። አሜሪካዊው መሐንዲስ ቫኔቫር ቡሽ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1945 በአትላንቲክ መጽሔት ባወጣው ጽሑፍ ሜሜክስ ብሎ የሰየመውን ምናባዊ ጠረጴዛ ገለጸ፤ በማይክሮፊልም የተቀረጹ መጻሕፍትንና ማስታወሻዎችን የሚይዝ፣ አንባቢው ከአንዱ ወደ ሌላው የሄደበትን ዱካ መዝግቦ የሚያስቀር ነበር። ጠረጴዛው አልተሠራም። ቴድ ኔልሰን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1960 ዣናዱ የተባለውን፣ የዓለምን ጽሑፍ ሁሉ እርስ በርሱ የሚያያይዝ ፕሮጀክት ጀመረ፤ እ.ኤ.አ. በ1965 ሃይፐርቴክስት የሚለውን ስያሜ፣ ማለትም አንባቢው በማያያዣ እየተሻገረ እንደ ፈቀደው የሚያነበውን ጽሑፍ መጠሪያ፣ ለዓለም አበረከተ፤ ዓለምም ስያሜውን ተቀብላ፣ አሠራሩን አቅልላ፣ ሰውየውን ሳትጠብቅ ሄደች። አንድ የዣናዱ ሥሪት ለሕዝብ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ2014፣ ከሃምሳ ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። የመጽሐፉን ረቂቅ ለአሳታሚው በሦስት ዓመት ያዘገየ ጸሐፊ ሁሉ ይህን ቀን በልቡ ቢይዝ ይጽናናበታል።

ከእነዚህ ሁሉ ይልቅ በቅርብ ሊታይ የሚገባው እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 9 ቀን 1968 በሳን ፍራንሲስኮ የተካሄደው ትርኢት ነው። ዳግላስ ኤንግልባርት አንድ ሺህ ያህል የኮምፒውተር ባለሙያዎች በተሰበሰቡበት አዳራሽ፣ በዚያን ጊዜ ብዙዎቹ አይተውት በማያውቁት ማውዝ እየተረዳ፣ ለዘጠና ደቂቃ ያህል የሰውን አእምሮ ያግዛል ብሎ ያሰበውን ሥርዓት አሳየ። በመጀመሪያ በባዶው ስክሪን ላይ አንዲት ቃል ጽፎ ያችኑ ደጋገማት፤ ቀጥሎም ከገበያ የሚገዙ ዕቃዎችን ዝርዝር አቅርቦ፣ ሙዙን ከመሰሎቹ ጋር፣ ሌላውንም ከመሰሉ ጋር በየምድቡ ሥር እየሰበሰበ፣ ምድቡን ሲፈልግ አጥፎ ሲፈልግ ዘርግቶ አሳየ። ታዳሚው ቆሞ አጨበጨበ፤ ማጨብጨቡም ተገቢ ነበር። ነገር ግን ከዚያ በኋላ የመጡት የሐሳብ ማደራጃ ፕሮግራሞች አብዛኛው ችግር በዚያች የገበያ ዝርዝር ውስጥ ተደብቆ ነበር ለማለት ይቻላል፤ ምክንያቱም ሙዝ ፍራፍሬ መሆኑን አይክድም። ከፍራፍሬ ሥር ሲያስገቡት ይገባል፣ እስኪገዛም በዚያው ይቆያል። ሐሳብ ግን ከየትኛው ሥር እንደሚገባ የሚታወቀው ብዙውን ጊዜ ከተጻፈ በኋላ ነው፤ አንዳንዱም በሁለት ምድብ ሥር መግባት የሚገባው፣ አንዳንዱም ራሱ ምድብ ሊሆን የሚያስብ፣ አንዳንዱም ሐሳብ መስሎ የታየ የምሳ ሰዓት ረኃብ ነው።

የቢጋር ፕሮግራሞች ይህን ዝርዝር ወርሰው ለገበያ አበቁት። ዴቭ ዋይነር እ.ኤ.አ. በ1983 ያወጣው ቲንክታንክ በግል ኮምፒውተር ላይ ነጥቦችን ከነንዑሳኖቻቸው ማጠፍ፣ መዘርጋት፣ ከነቤተሰባቸው አንሥቶ ወደ ሌላ ቦታ ማዛወር የሚያስችል ነበር። መሣሪያው ለሚናገረው ነገር አስቀድሞ ለተዘጋጀ ሰው፣ ለምሳሌ ለሕግ ባለሙያ፣ ለመምህር፣ ለሪፖርት አቅራቢ፣ እጅግ ይመቻል። ይሁንና እ.ኤ.አ. በ1981 ሊንዳ ፍላወርና ጆን ሄይስ የተባሉ ተመራማሪዎች፣ ጸሐፊዎች እየጻፉ የሚያስቡትን ጮክ ብለው እንዲናገሩ በማድረግ ባካሄዱት ጥናት ላይ ተመሥርተው እንዳስረዱት፣ ማቀድ፣ መጻፍና መከለስ ተራ ጠብቀው የሚመጡ ደረጃዎች አይደሉም፤ አንዱ በሌላው መካከል እየገባ ዕቅዱ ራሱ በመጻፍ ላይ ሳለ ይለወጣል። ይህ በወረቀት ላይ ለሚጽፉ ሰዎች አዲስ ነገር አልነበረም፤ ቢጋር አስቀድማችሁ አቅርቡ የሚል መምህር የገጠማቸው ተማሪዎች ድርሰቱን ጽፈው ከጨረሱ በኋላ ቢጋሩን ከድርሰቱ እየቀዱ ማቅረብን ከጥንት ጀምሮ ያውቁበታል።

ችግሩን በራሳቸው ሥራ ላይ ያዩትና ሳይሸሽጉ የጻፉት የኖትካርድስ ነዳፊዎች ናቸው። በካሊፎርኒያ በዜሮክስ ኩባንያ የፓሎ አልቶ የምርምር ማዕከል እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ የተሠራው ይህ ፕሮግራም ማስታወሻዎችን በካርድ፣ ካርዶችን በሣጥን፣ ሁሉንም በሊንክ የሚያገናኝ፣ ለዘመኑ እጅግ የረቀቀ ሥራ ነበር። አንድ የታሪክ ተማሪ ጥናታዊ ጽሑፉን በእርሱ ሲያዘጋጅ የተደረገውን ክትትል ጨምሮ፣ ከተጠቃሚዎች የተገኘው ልምድ እንዳመለከተው፣ ፕሮግራሙ ሰዎችን ያለ ጊዜው እንዲያደራጁ ያስገድዳቸው ነበር፤ ከነዳፊዎቹ አንዱ የሆነው ፍራንክ ሃላስም ጉዳዩን እ.ኤ.አ. በ1988 ባሳተመው ጽሑፍ አንሥቶታል። አንድ ሰው ሐሳቡን ከመጻፉ በፊት ሐሳቡ የት ላይ ተጀምሮ የት ላይ እንደሚያልቅ መቁረጥ፣ ለካርዱ ርዕስ መስጠት፣ በየትኛው ሣጥን እንደሚቀመጥ መወሰን ነበረበት፤ እነዚህም ሦስቱ ጥያቄዎች መጽሐፉን ጽፎ የጨረሰ ሰው ብቻ የሚመልሳቸው ናቸው።

ባዶው የርዕስ ሣጥን በጸሐፊ ላይ የሚያደርሰውን በቅርብ የተመለከተ ሰው የሃላስን ጭንቀት ይረዳዋል። ጸሐፊው መንገድ ላይ የመጣለትን ሐሳብ ሳይበር ለመያዝ ኮምፒውተሩን ይከፍታል፤ ፕሮግራሙ በትሕትና ርዕስ ይጠይቃል፤ ጸሐፊው ርዕስ ያስባል፤ የመጀመሪያው ርዕስ ይሰፋል፣ ሁለተኛው ይጠባል፣ ሦስተኛው ከባድ ሊቅ ያስመስላል፤ በመጨረሻ ተስፋ ቆርጦ «ልዩ ልዩ» ብሎ ሲጽፍ፣ ፕሮግራሙ በዚህ ስም የሚጠራ ማስታወሻ አስቀድሞ እንዳለ ያስታውቀውና «ልዩ ልዩ 7» ቢባል ይስማማ እንደሆነ ይጠይቀዋል። ይስማማል። በዚህ መካከል ሐሳቡ ሄዷል። ከጥቂት ወራት በኋላ የመጽሐፉ አብዛኛው ፍሬ ነገር በልዩ ልዩ ውስጥ ሲገኝ፣ በጥንቃቄ ተሰይመው በቀለም የተለዩት ፎልደሮች ግን እያንዳንዳቸው አንድ ማስታወሻ ይዘው፣ አንዳንዶቹም ምንም ሳይዙ፣ በሥርዓት ተሰልፈው ይታያሉ።

ካቲ ማርሻልና ፍራንክ ሺፕማን የተባሉት ተመራማሪዎች ለዚህ ያቀረቡት መፍትሔ ብልህነት ያለው ነው። እ.ኤ.አ. በ1994 ቪኪ በሚል ስም ያስተዋወቁት ሥርዓት ጸሐፊውን ምንም ሳይጠይቅ ካርዶቹን በሰፊ ገጽ ላይ እንደ ፈቀደው እንዲበትናቸው ይተወዋል፤ ሁለት ካርዶች ተጠጋግተው ከተቀመጡ አንዳች የሚያዛምዳቸው ነገር እንዳለ፣ አንዱ ጠመም ብሎ ከተቀመጠ ጸሐፊው ስለ እርሱ ገና እንደሚጠራጠር ይገመታል እንጂ ዝምድናው ምን እንደሆነ እንዲገለጽ አይጠየቅም። ጠረጴዛቸው የተዝረከረከ ሰዎች ሁሉ «አትንኩብኝ፣ የት እንዳለ አውቀዋለሁ» ሲሉ የኖሩት ነገር በዚህ ሥርዓት ሳይንሳዊ ማስረጃ እንዳገኘ ቢቆጥሩት አይፈረድባቸውም።

ከንድፍ ሥራዎች ሁሉ ግን ምሳሌ ሆኖ ሊጠቀስ የሚገባው፣ ለአንድ ሰው ብቻ የተሠራና ገበያ ያልወጣ ፕሮግራም ነው። የኒው ዮርከር መጽሔት ጸሐፊና በፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ የጽሑፍ መምህር የሆነው ጆን ማክፊ ለረጅም ዘመን የሠራበት መንገድ የሚከተለው ነበር፦ ከመስክ የመጣውን ማስታወሻ ሁሉ በታይፕ ይገለብጣል፤ በየኅዳጉ ላይ ክፍሉን የሚያመለክት ምልክት ያደርጋል፤ ምልክቶቹን በካርዶች ላይ ጽፎ በሰፊ ጣውላ ላይ እየዘረጋ፣ እያነሣና እየጣለ የጽሑፉን ቅርጽ እስኪያገኝ ያንቀሳቅሳቸዋል፤ ቅርጹ ከተገኘ በኋላ የማስታወሻውን ቅጂ በመቀስ ቆራርጦ፣ ቁራጮቹን እንደየምልክታቸው በየፎልደሩ ይከታል፤ ከዚያ አንድ ፎልደር ብቻ ከፍቶ፣ የቀሩትን ረስቶ፣ ይጽፋል። መቀሱ ለዕለቱ ከማይፈለገው ሐሳብ ሁሉ የሚገላግለው መሣሪያ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1984 ማክፊ ኮምፒውተር ለመግዛት ሲነሣ ያማከረው በዩኒቨርሲቲው የኮምፒውተር ክፍል የሚሠራውን ሃዋርድ ስትራውስን ነው። ሌላ ባለሙያ ቢሆን ኖሮ ጣውላውንና መቀሱን አይቶ፣ በአክብሮት ፈገግ ብሎ፣ ከእንግዲህ ይህ ሁሉ እንደማያስፈልግ ያበሥረው ነበር። ስትራውስ ግን የሥራውን ሂደት ከኪስ ማስታወሻ ደብተሩ አንሥቶ እስከ ወረቀት ቁራጩ ድረስ አዳምጦ፣ ኬዲት በተባለ የጽሑፍ ማረሚያ ላይ መቀሱን የሚተካ ትንሽ ፕሮግራም ጻፈለት፤ ማስታወሻው ከነምልክቱ ሲሰጠው፣ ፕሮግራሙ እንደየምልክቱ በትኖ ለየብቻ በፋይል ያስቀምጥለታል። የፕሮግራሙ ስም ስትራክቸር ነበር፤ የፋይል ስም በጊዜው ከስምንት ፊደል እንዳይበልጥ የተወሰነ ስለነበር ግን በእንግሊዝኛው አጻጻፍ የመጨረሻዋ ፊደል ተቆርጣ ቀርታለች፤ መቀስን ለተካ ፕሮግራም ይህ ያንሳል አይባልም። ስትራውስ ማክፊን አንዳችም አዲስ ልማድ አላስተማረውም፤ ማክፊም በዚሁ እየተረዳ በርካታ መጻሕፍት ጽፏል።

ይኸው ጸሐፊ እ.ኤ.አ. በ1966 ስለ አንድ የኒው ጀርሲ ጫካ የሰበሰበውን ማስታወሻ ከየት እንደሚጀምረው ጠፍቶት፣ ለሁለት ሳምንት ያህል በግቢው ባለው የእንጨት ጠረጴዛ ላይ በጀርባው ተንጋሎ የዛፍ ቅርንጫፍ ሲያይ መሰንበቱን ራሱ ጽፏል። ይህን የሥራ ክፍል የሚያግዝ ፕሮግራም እስካሁን አልተነደፈም፤ ቢነደፍም ኮምፒውተሩ ሁለት ሳምንት ሙሉ ምንም ሳይጠይቅ፣ ማስታወቂያ ሳይልክ፣ ራሱን ለማደስ ፈቃድ ሳይለምን እንዲቆይ የሚያስገድድ በመሆኑ ከቴክኒክ አንጻር ሊሳካ መቻሉ ያጠራጥራል።

ለብዙ ሰው የሚሆን ፕሮግራም መሥራት ግን ለአንድ ሰው እንደ መሥራት አይቀልም። እንግሊዛዊው ኪት ብላውንት ልብ ወለድ ለመጻፍ ተነሥቶ ለሚፈልገው አሠራር የሚመች ፕሮግራም ቢያጣ፣ ኮድ መጻፍን ራሱን በራሱ አስተምሮ እ.ኤ.አ. በ2007 ስክሪቭነር የተባለውን ፕሮግራም አወጣ። ስክሪቭነር ረጅሙን ጽሑፍ በቁርጥራጭ አስይዞ፣ ቁርጥራጮቹን በግራ በኩል በቢጋር፣ በመካከል በቡሽ ሰሌዳ ላይ እንደ ተሰኩ ካርዶች፣ ሲያሻም እንደ አንድ ተከታታይ ጽሑፍ ያሳያል፤ አንዱን ቁራጭ ከቦታው ማንሣት ሌላውን አያፈርስም፤ ከመከለስ በፊት የነበረውን መልክ አስቀርቶ ማስቀመጥም ይቻላል። የታላቅነቱ ምክንያት፣ በአመዛኙ፣ ነዳፊው ራሱ የተቸገረ ጸሐፊ መሆኑ ነው። በሌላ በኩል ልብ ወለድ ለመጻፍ ተቀምጦ የልብ ወለድ መጻፊያ ይዞ መነሣት ከሥራ የመሸሻ መንገዶች ሁሉ እጅግ የተከበረውና ብዙ ሰው የጠቀመው መሆኑ አይካድም።

ሽሽቱ በሌሎች ዘንድ ይህን ያህል ፍሬ አያፈራም። ፕሮግራሙን የገዛ ጸሐፊ በመጀመሪያው ሳምንት የካርዶቹን ቀለም ይመርጣል፤ ለገጸ ባሕርያት ሰማያዊ፣ ለቦታዎች አረንጓዴ፣ ለጥርጣሬ ቢጫ ይመድባል፤ ቢጫው ሲበዛ ቀለሙን ይለውጣል። በሁለተኛው ሳምንት የፊደሉን ቅርጽና መጠን ያስተካክላል፣ የዕለት የቃላት ግብ ይሞላል፤ በሦስተኛው ሌላ የተሻለ ፕሮግራም መውጣቱን ሰምቶ ማስታወሻውን ሁሉ ወደዚያ ያዛውራል። ረከቦቱ ተዘርግቶ፣ ቄጤማው ተጎዝጉዞ፣ ዕጣኑ ጤሶ፣ ሲኒው ተደርድሮ፣ እንግዶቹም ክብ ሠርተው ተቀምጠው ቡናው ራሱ ገና እንዳልተገዛ ሲታወቅ የሚሰማው ዓይነት ዝምታ የሚመጣው አሳታሚው ሲደውል ነው።

ነዳፊዎች ይህን ድካም ለመፈወስ ሁለት መንገድ ሞክረዋል። አንደኛው እ.ኤ.አ. በ1997 ከማይክሮሶፍት ኦፊስ ጋር የመጣው፣ ዓይን ያለው የወረቀት መያዣ ሽቦ ነው፤ ጸሐፊው ሰላምታ መጻፍ ሲጀምር ብቅ ብሎ ደብዳቤ እየጻፉ ይመስላል፣ ላግዝዎት ይል ነበር፤ ከአራት ዓመት በኋላ በወጣው ሥሪት ካልተጠራ እንዳይመጣ ተደርጓል። ሁለተኛው እ.ኤ.አ. በ2006 እንደወጣው ራይትሩም ያሉት ፕሮግራሞች የተከተሉት ነው፤ ቁልፎቹን፣ ምናሌውን፣ ሰዓቱን፣ ሁሉንም ከስክሪኑ አጥፍተው ጥቁር ገጽና ፊደል ብቻ ያስቀራሉ። ይህም ለዓመታት በክፍያ ሲጨመር የኖረውን ነገር በሌላ ክፍያ ማስቀነስ ነው። በዚህ ክርክር ውስጥ ዘወትር በምስክርነት የሚጠራው ጆርጅ አር. አር. ማርቲን ሲሆን፣ ግዙፎቹን ልብ ወለዶቹን እ.ኤ.አ. በ1987 በወጣው፣ ወርድስታር 4.0 በተባለ የጽሑፍ ማቀናበሪያ እንደሚጽፍ በቴሌቪዥን ተናግሯል። አሮጌ መሣሪያ ይበቃል የሚሉት በታተሙት አምስት ቅጾች ያስረዳሉ፤ አዲስ ያስፈልጋል የሚሉት ደግሞ አንባቢ እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ የሚጠብቀውን ስድስተኛውን ቅጽ ይጠቅሳሉ።

ከንድፉ በስተጀርባ ያለው የገበያ ሥርዓትም ነገሩን አያቃልለውም። ብዙዎቹ ፕሮግራሞች ዛሬ የሚሸጡት በወርሃዊ ክፍያ ስለሆነ፣ ኩባንያው ስኬቱን የሚለካው ተጠቃሚው በቀን ስንት ጊዜ እንደሚከፍተው በመቁጠር ነው። መጽሐፉን ጨርሶ ፕሮግራሙን የዘጋ ጸሐፊ በኩባንያው መዝገብ ላይ የጠፋ ደንበኛ ተብሎ ይሰፍራል፤ ለዐሥር ዓመት ካርድ ሲያገላብጥ የኖረው ግን ታማኝ ደንበኛ ነው። አሁን ደግሞ በሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሠሩ ረዳቶች ሐሳቡን ራሳቸው እያመነጩ ማቅረብ ጀምረዋል፤ ስለዚህ የራሴ ሐሳብ አነሰኝ ሲል የነበረው ጸሐፊ አሁን የሚያደራጀው የሌላ ሐሳብ በገፍ አግኝቷል፤ ለልዩ ልዩም ተጨማሪ ቁጥሮች አስፈልገዋል።

በአማርኛ የሚጽፍ ሰው ከእነዚህ ሁሉ በላይ የራሱ የሆነ ፈተና አለበት። ዩኒኮድ፣ ማለትም ለዓለም ፊደላት ሁሉ የጋራ መለያ ቁጥር የሚሰጠው ሥርዓት፣ እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ሦስተኛ ሥሪቱ የግእዝን ፊደል ካካተተ ወዲህ፣ ከላይ የተጠቀሱት ዓይነት አዳዲስ ፕሮግራሞች አማርኛን ለመቀበል እምብዛም አያስቸግሩም። መቀበል ግን መፈለግ አይደለም። የሐሳብ አደራጅ ፕሮግራም ነፍሱ መፈለጊያው ነው፤ መፈለጊያው ደግሞ ፊደልን በቅርጹ እንጂ በድምፁ አያውቀውም። «ፀሐይ» የሚለውን ቃል ብንወስድ፣ የመጀመሪያው ፊደል በፀ ወይም በጸ፣ ሁለተኛው በሀ፣ በሃ፣ በሐ፣ በሓ፣ በኀ ወይም በኃ ሊጻፍ ስለሚችል፣ ቃሉ አንባቢን ሳያሳስት በዐሥራ ሁለት መንገድ ይጻፋል፤ ለኮምፒውተሩ ግን ዐሥራ ሁለቱ የማይተዋወቁ ቃላት ናቸው። በሌሊት በድካም «ጸሀይ» ብሎ የመዘገበውን ሐሳብ በማለዳ ጨዋ ሆኖ በ«ፀሐይ» የሚፈልግ ጸሐፊ፣ ፕሮግራሙ ምንም እንዳልተገኘ ሲነግረው፣ ስለ ጉዳዩ ጨርሶ አስቦ እንደማያውቅ አምኖ እንደ አዲስ ማሰብ ይጀምራል።

ለዚህ መፍትሔው ቀላል ነው፤ አንድ ድምፅ ያላቸውን ፊደላት እንደ አንድ የሚቆጥር ሠንጠረዥ ከመፈለጊያው በስተጀርባ ማስቀመጥ ይበቃል፤ ማንኛውም ፕሮግራመር በአጭር ጊዜ ይሠራዋል። ከባዱ የቅጥያው ነገር ነው። የግእዝ ፊደል አናባቢውን ከተነባቢው ቅርጽ ጋር ስለሚያዋሕድ፣ «መሬት» የሚለው ቃል «መሬቱ» ሲሆን የመጨረሻው ፊደል ራሱ ይለወጣል፤ «ት» ብሎ የሚፈልግ መኪና «ቱ»ን ዘመድ አድርጎ አያያትም። ስለዚህ «መሬት» በሚል ስም ለተከፈተ ካርድ ፕሮግራሙ በራሱ ሊንክ እንዲያበጅ ቢታዘዝ፣ «በመሬት»ና «የመሬት» ያለበትን ምናልባት ያገኝ ይሆናል፤ ስለ መሬቱ፣ ስለ መሬታችንና ስለ መሬታቸው የተጻፈውን ሁሉ ግን ጥሎ ያልፋል፤ ባለቤት ያለው መሬት ሁሉ ከሥርዓቱ ውጭ ይቀራል ማለት ነው። «መጽሐፍ» ብሎ «መጻሕፍት»ን ማግኘትማ አይታሰብም። ርዕሶችን በፊደል ተራ ማሰለፍም ቢሆን፣ በ«የ» የሚጀምር ርዕስ ከሌላው ሁሉ ስለሚበዛ፣ ግማሹን መጽሐፍ በአንድ ፊደል ሥር ይሰበስበዋል። ይህን በደንብ የሚፈታ ፕሮግራም የቃሉን ሥር ከቅጥያው ለይቶ የሚያውቅ፣ የቋንቋ ባለሙያና የኮምፒውተር ባለሙያ አብረው የሚሠሩበት መሆን አለበት።

እስከዚያ ድረስ ጠንቃቃው ጸሐፊ በየካርዱ ግርጌ ዋናውን ቃል ያለ ምንም ቅጥያ ለብቻው ይጽፋል፤ ከብዙዎቹ ሀዎችና ጸዎችም አንድ አንዱን መርጦ፣ ከዚያ ላለመውጣት ወስኖ፣ ምርጫውን በአንድ ካርድ ላይ ይመዘግባል፤ ከዚያም በየጊዜው የትኞቹን እንደ መረጠ ለማረጋገጥ ያንን ካርድ ይፈልጋል።